የሱሉልታ ሰዎች ያረሱለት ጠበቃ

በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በሱሉልታ ሜዳ ላይ እንደ ኦቦ ገርባ ማሳ አምሮ የታረሰ መሬት አልነበረም። የሚገርመው፣ ኦቦ ገርባ ራሳቸው አላረሱትም። የነበራቸው አንድ በሬ ነው፤ እሱም አርጅቶ፣ እርሻ ትቶ፣ ሌሎች በሬዎች ሲያርሱ ቆሞ ማየት የሚወድ ሽማግሌ ሆኗል። ያረሰው ሰፈሩ ነው። በደቦ።

ደቦ መቼም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ለኔ ታርሳለህ፣ ነገ ላንተ አርሳለሁ። የኦቦ ገርባ ደቦ ግን ነገ የለውም። ሰው በየዓመቱ በሬውን ጠምዶ ይመጣል፣ ያርሳል፣ የሚስታቸውን የጠጅቱን ፈርሶ ይጠጣል። ፈርሶ የኦሮሞ ጠላ ነው፤ የጠጅቱን የጠጣ ሰው ደሞ ቤቱን የሚያገኘው ፈረሱ መንገዱን ካወቀ ነው። ከዚያ "ጠበቃችን እንዴት ነው?" ብሎ ጠይቆ ይሄዳል።

ጠበቃችን የሚሉት የኦቦ ገርባን ልጅ፣ መገርሳን ነው። ችግሩ፣ መገርሳ ጠበቃ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በላም ነው። ሜዳው የባላምባራስ ውብአየሁ ነው፤ በወረቀት ማለት ነው። የሚረግጠው፣ የሚያርሰው፣ ከብት የሚያሰማራበት ግን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የነ ኦቦ ገርባ ወገን ነው። ባላምባራሱ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ድርሻቸው በአህያ ይጫንላቸዋል። ታዲያ አንድ ቀን ወኪላቸው መጣና፣ ጌታዬ ሜዳውን በሽቦ ሊያጥሩት ነው፣ ትራክተር ሊያስገቡ ነው፣ የፈረንጅ ላም ሊያረቡበት ነው ብሎ አወራ።

"የፈረንጅ ላም?" አሉ ኦቦ ባይሳ። ኦቦ ባይሳ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲያስታርቁ ኖረው ጥርሳቸው አልቆ ምላሳቸው ብቻ የቀረ ሰው። "እሺ፣ ለላሟ ቦታ ተገኘላት። እኛስ? ፈረንጅ አገር ሄደን እንጋጥ?"

ሰው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ፈራ። ነገረ ፈጅ እንቅጠር ያለ ነበር። ኦቦ ባይሳ እምቢ አሉ። "የቀጠርነውን ነገረ ፈጅ ባላምባራሱ በጓሮ በር አስገብተው ጥሬ ሥጋ ያበሉታል። ጠግቦ ሲወጣ የኛን ስም ረስቶታል። የገዛ ልጃችን ይሁን።"

መገርሳ ደሞ ልክ በዚያው ክረምት አሥራ ሁለተኛን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። "ልጁ ሕግ ይማር፣ ለአባቱ እኛ እናርስለት" ተባለ። ተማማሉ። መገርሳን ጠርተው ነገሩት። እሱም "እሺ" አለ። መገርሳ እሺ የሚል ልጅ ነበር። እሺ ባይነት መልካም ጸባይ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በእምቢታው ከተጣላ ሰው ይልቅ በእሺታው የጠፋ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ስድስት ኪሎ ሄዶ ሕግ ተመዘገበ። ውሸት የለበትም፣ ተመዝግቧል። መጽሐፉን ገለጠ። አንዱ አንቀጽ የሰጠውን ሌላው አንቀጽ ይነጥቃል፤ "ይሁን እንጂ" የሚል ቃል በሚቀጥለው መስመር አድፍጦ ይጠብቃል። መገርሳ አምስት ገጽ ካነበበ እንቅልፍ ይጥለዋል። ቢሆንም ታግሎ ይማር ነበር፣ በረዶ ባይጥል።

በረዶ ጣለ። መገርሳ ሮጦ ያገኘው ሕንፃ ውስጥ ገባ። አንድ ክፍል መስታወት አለው፤ በመስታወቱ ሲያይ ቁም ሣጥን የሚያክሉ ነገሮች ተደርድረው ይንሾካሾካሉ። አንዲት ልጅ እንደ ታይፕ ያለ ነገር ላይ ተቀምጣ ካርድ ትበሳለች። ሸዋነሽ ትባላለች፤ ሥራውን ልትለማመድ የመጣች ናት።

"ግባና በሩን ዝጋ" አለችው። "አቧራ አትወድም።"

"ማን ናት?"

"ኮምፒዩተር ናታ።"

"ምን ትሠራለች?"

"ያዘዝካትን። እኔ ትዕዛዙን ካርድ ላይ እበሳለሁ፣ እሷ ቀዳዳውን ታነባለች።"

"አጥፍቼ ባዝዛትስ?"

"ትተፋብሃለች።"

"ትሳደባለች?"

"ምን አሳደባት? ትተፋና ዝም ትላለች። አስተካክለህ ስትመጣ ትቀበልሃለች። አባትህ ማነው አትልም፣ ከየት መጣህ አትልም።"

መገርሳ ወደደ። ከማሽኗና ከተናጋሪዋ የትኛዋን እንደወደደ ራሱም አለየውም። ያም ሆነ ይህ በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ በሳምንቱም መጣ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሕጉን ትቶ ስታቲስቲክስ የሚባል ክፍል ገባ። ማሽኗን ማዘዝ የሚማሩት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ጥሎት አያውቅም። አንድ ፕሮግራም ለመጻፍ፣ ማለትም ለማሽኗ ትዕዛዙን ከሀ እስከ ፐ ለመደርደር፣ ምሳ ይረሳ ነበር።

ለሰፈሩ ለገና እነግራለሁ አለ። ለገና ሲሄድ ኦቦ ባይሳ የማር እሸት ይዘው መጡ፤ የሰው ማር አፍ ላይ አድርጎ ምን ይናገራል? ለፋሲካ እነግራለሁ አለ። ለፋሲካ የጎረቤት ሰው በግ አርዶ ጠበቀው። ለመስቀል ደሞ ደመራውን አንተ ለኩስ አሉት። እንዲህ እንዲህ እያለ በዓል አለቀበት።

ይባስ ብሎ ሰው ያማክረው ጀመር። አዴ ገለቴ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት መጣችና፣ የሰው ፈረስ ገብሴን ይበላብኛል፣ ሕጉ ምን ይላል አለችው። መገርሳ ከሕግ ትምህርቱ የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። አስተማሪው ጥያቄ ሲጠፋበት የሚላት ናት። ግንባሩን ቋጠረና "ጉዳዩ ያከራክራል" አለ። ከዚያ ጨነቀውና "ለጊዜው እጠሪው" አላት። ገለቴ አጠረች። ፈረሱ ቀረ።

"አይ ሕግ!" አለች ገለቴ በየቤቱ እየዞረች። "ምን ያለ ጥልቅ ነገር ነው!"

መገርሳ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ የድርቆሽ መኪና ላይ ሆኖ እንጦጦን ተሻግሮ ሜዳው ሲመጣ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጥ ጀመር። ሌላው ሰው አገሩን ለማየት አንገቱን ይመዛል፤ እሱ ያ ያማረ ማሳ እንዳይታየው ነው።

ተመረቀ። ገና ሳይመረቅ ነው ደሞ መሥሪያ ቤቶች ይሻሙበት የጀመሩት፤ ያን ጊዜ ኮምፒዩተር ያስመጣ ሁሉ ማሽኑን አምጥቶ ሰውየውን ረስቶት ነበር። ከክፍሉ ልጆች አንዱ ባንክ ገባ፣ አንዱ ከአውሮፕላን ትኬት ጋር የሚውል ሥራ አገኘ፣ አንዱ ውጭ አገር ሊማር ሄደ። ኦፕሬተር የሚባለው ማሽኗን የሚያበላት ነው። ፕሮግራመር የሚባለው ምን እንደምትበላና በልታ ምን እንደምታደርግ አስቀድሞ የሚያስብላት ነው። መገርሳ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ፕሮግራመር ሆኖ ገባ። ሸዋነሽም እዚያው ካርድ በሺ ሆና ተቀጠረች። ሙቀት ማሽኗን ስለሚያማት ክፍሉ ሌት ተቀን ይቀዘቅዛል። ከሱሉልታ ብርድ ያመለጠ ልጅ ደሞዝ እየተከፈለው ተመልሶ ብርድ ውስጥ ገባ።

ሱፍ ለብሶ አገሩ ሄደ። ሱፉን ያየ ሁሉ ጠበቃ መሆኑን አረጋገጠ።

"የት ገባህ፣ ኢልመኮ?" አሉት ኦቦ ባይሳ። ልጄ ማለታቸው ነው።

"መሥሪያ ቤት።"

"ሕግ ክፍል?"

መገርሳ ሳለ። ሳል የሚባል ነገር ባይኖር ልጁ ቀድሞ በተጋለጠ ነበር።

ግንቦት ላይ የፈሩት መጣ። ባላምባራሱ ከሰሱ። መሬቴን ለቃችሁ ውጡ የሚል መጥሪያ ለሰፈሩ ሁሉ ደረሰ። ኦቦ ባይሳ በወተት መኪና ሹፌር ቃል ላኩ፤ "የሚመጣው ሐሙስ ነው። ቀንህ ደረሰ። ለአባትህ ያረስንለት ለዚህ ነው" የሚል።

ያን ቀን ማሽኗ የመገርሳን ካርድ ተፋች። አስተካክሎ ሰጣት፤ ደግማ ተፋች።

"ዛሬ ምን ሆነሃል?" አለች ሸዋነሽ።

ነገራት። እጇን ከካርዱ ላይ አነሳች።

"ይሄን ሁሉ ዓመት? የሰው በሬ አሳርሰህ?"

"እኔ አላሳረስኩም፣ አረሱ።"

"አንተ እኮ ከማሽኗ ትብሳለህ! እሷ እንኳ የተበላሸ ካርድ ሲሰጧት ትተፋለች። አንተ ዋጥ አርገህ ቁጭ አልክ!"

መገርሳ ኮቱን አነሳ። ጠበቃ የሆነ ጓደኛ አለው፤ ካሳሁን ይባላል፣ የመጀመሪያ ዓመት አብረው ሲያንቀላፉ የነበሩ፣ ካሳሁን ግን ነቅቶ የጨረሰ። ሮጦ ሄደና በኔ ቦታ ቁምልኝ አለው።

"ያለ ውክልና አልቆምም" አለ ካሳሁን። "ውክልናውን የሚሰጡት ደሞ ባለጉዳዮቹ ናቸው። ሂድና አስፈርማቸው።"

"ለምን አንተ አትቆምም ቢሉኝስ?"

"እሱን እኔ ልንገርህ?" አለ ካሳሁን።

እንግዲህ ከሐሙስ በፊት አፉን ከፍቶ ካልተናገረ፣ ያ ሁሉ ሰው ጠበቃ አለኝ ብሎ ያለ ጠበቃ ችሎት ፊት ሊቆም ነው። ቅዳሜ ከሥራ ወጥቶ ተሳፈረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰፈሩ ኦቦ ገርባ ቤት ተሰበሰበ። ስለ ክሱ ሊመክሩ ነው። የባላምባራሱ ወኪልም አለ። እንዴት ካላችሁ፣ ፈርሶ ሸቶት ገባ፤ እንግዳ ደሞ ውጣ አይባልም። ጥግ ይዞ ይጠጣል።

መገርሳ ተነሳ።

"ኦቦ ባይሳ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም።"

ሰዉ ጽዋውን አስቀመጠ።

"ሕግ አልተማርኩም። የተማርኩት ኮምፒዩተር የሚባል ማሽን ነው። ስለ መሬት የማውቀው ነገር የለም።"

ኦቦ ባይሳ ትንሽ አሰቡ። ቀስ ብለው ጥግ ወዳለው ወኪል አዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

"ሰማችሁ?" አሉ ጮክ ብለው። "ጠበቃ አይደለም። ምንም የማያውቅ ልጅ ነው። ምስኪን!"

"ኧረ እሱ ምን ያውቅና!" አለ አንዱ ቶሎ ገብቶት።

"ስሙንም አይጽፍ!" አለ ሌላው።

"እኔን የመከረኝ ነገር የለም" አለች ገለቴ፣ ሳቋን በነጠላዋ ይዛ። "አጥሩን ከራሴ አፍልቄ ነው ያጠርኩት።"

"እውነቴን እኮ ነው!" አለ መገርሳ ሊያለቅስ ደርሶ።

"እውነቱን ነው፣ እውነቱን ነው" አሉ ሁሉም።

ወኪሉ ጽዋውን ጨልጦ ደስ ብሎት ወጣ፤ ለጌታው የሚነግረው አገኘ። በሩን እንዳለፈ ኦቦ ባይሳ ዘለው መገርሳን አንገቱን አቀፉት። በዚያ አገር ባላጋራ እየሰማ የያዘውን የሚናገር ሞኝ ነው፤ የለኝም የሚል ነው ብልህ።

"ኢልመ ገርባ! ይሄ ነው ጠበቃ! ጆሮ ቤት ውስጥ እንዳለ ለየህ አይደል? እስከ ሐሙስ እንደሱ እያልክ ቆይ።"

በዚያ ቀን ከምሽቱ በፊት መገርሳ ሌላ ሦስት ሰው ለብቻ ለብቻ ጠርቶ ነገረ። ሦስቱም በዓይናቸው ጠቀሱት።

አባቱን ያገኘው ከበረቱ ዳር ነው። ኦቦ ገርባ ቀንበር ይጠግናሉ። ያ አሮጌ በሬ አጠገባቸው ቆሞ ያያል።

"አባባ፣ ያልኩት እኮ የምር ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ ኦቦ ገርባ፣ ቀና ሳይሉ።

"ምኑን ያውቃሉ?"

"አምና ድርቆሽ ልሸጥ የሄድኩ ጊዜ ተማሪ ቤትህ መጣሁ። ሕግ ክፍል ጠየቅኩ፤ እንደዚህ የሚባል የለም አሉኝ። አንድ ልጅ ወስዶ መስታወት ያለበት ክፍል አሳየኝ። ነጭ ለብሰሃል። መጀመሪያ ሐኪም መሰልከኝና ደስ አለኝ። ከዚያ በሽተኛውን ፈለግኩ። የለም። ሣጥን ነው የምታክመው።"

"ለምን አልጠሩኝም?"

"ማሳው እየታረሰ ነበር" አሉ ኦቦ ገርባ። ጠፍሩን በጥርሳቸው ጠበቅ አደረጉት። "በአንድ ሽማግሌ በሬ ምን ላደርግ ነው? ጠርቼህ ቢሆን ለነሱ መንገር አለብኝ። ስላልጠራሁህ አላየሁህም። አምናም አረሱልኝ። በላሁት።"

መገርሳ ጥፋቱ የሱ ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ አባቱንም ጎትቶ አስገብቷቸዋል።

"ሐሙስ ቁም" አሉ ኦቦ ገርባ።

"ምን ብዬ?"

"ዝም ብለህ ቁም። ሱፍ አለህ፣ ቁመት አለህ። ቆመህ ተረታ። ጠበቃ ይረታል፤ የማይረታ ጠበቃ የለም። ተረታ ይሉሃል እንጂ ዋሸ አይሉህም።"

እውነታቸውን ነው። መገርሳ አሰበው፤ የሚያውቅ የለም። ሐሙስ ይቆማል፣ "ጉዳዩ ያከራክራል" ይላል፣ ይረታል፣ ሰው እግዜር ይስጥህ ደክመሃል ብሎ ያቅፈዋል። ያባቱ ስም ይተርፋል። የማይተርፈው መሬቱ ነው። እነ ገለቴ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ሲሄዱ፣ ለልመናም ቢሆን ዞር ብለው "አይዞህ" ይሉታል። ይቺ "አይዞህ" ናት የጨነቀችው።

ሰኞ ደቦ ነበር፣ እንደ ልማዱ ኦቦ ገርባ ማሳ ላይ። በሬው ሁሉ ተጠምዷል። መገርሳ ሥራው መግባት ሲገባው ሱፉን እንደለበሰ ወንዝ ወረደ። ትንሽ ድንጋይ አነሳ፤ በዚህ ቢመጣ ቀልድ ይመስላል ብሎ ጣለው። ትልቅ ሊያነሳ ሞከረ፤ አልተነሳለትም። በመጨረሻ መካከለኛ፣ እርጥብ፣ ከሥሩ ጭቃ የያዘ ድንጋይ አገኘ። አንገቱ ላይ ጫነው። ጭቃው በኮሌታው ገባ። ወደ ማሳው ወጣ።

መጀመሪያ ያየችው ገለቴ ናት። የያዘችውን እንስራ አስቀመጠች። አራሾቹ በሬያቸውን አቆሙ። በዚያ አገር በድሎ ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ያየው ሰው የፈለገውን ያህል ቢቀየም ማድመጥ ግዴታው ነው። ድንጋይ ተሸክሞ የሚዋሽ ደሞ ገና አልተወለደም።

"ምነው?" አሉ ኦቦ ባይሳ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። "ምነው፣ ማንን ገደልክ?"

"ማሩኝ" አለ መገርሳ አጎንብሶ። "ትናንት የተናገርኩት ብልጠት አይደለም። ሕጉን የተውኩት ድሮ ነው። ጠበቃ የላችሁም።"

አንድም ሰው አልጠቀሰም።

ያኔ ኦቦ ገርባ ከማሳው ዳር ጎንበስ ብለው የድንበር ድንጋይ አነሱ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሁለት ጊዜ አዳልጧቸው በሦስተኛው ጫኑት። መጥተው ከልጃቸው አጠገብ ቆሙ።

"እኔም አውቅ ነበር" አሉ። "አምና አውቄ ነው ያሳረስኳችሁ።"

ጠጅቱ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ሆና አፏን ያዘች። ኦቦ ባይሳ የገርባን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ማየት አልቻሉም፤ የእኩያ ሰው ድንጋይ ዓይን ያቃጥላል። ሄደው በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። የመገርሳን ግን አልነኩትም።

"እስቲ ያቺ ማሽን" አሉ ፊቱ ቁጭ ብለው። "ባላምባራሱን ትረታለች?"

"አትረታም፣ አባቴ።"

"ስለ መሬት ታውቃለች?"

"የነገሯትን ታውቃለች።"

"ባላምባራሱ ቢቀጥሯትስ? ለሳቸውም ትሠራለች?"

መገርሳ ድንጋዩን አስተካከለ። "ላዘዛት ሁሉ ትሠራለች።"

"እንግዲያው ከነገረ ፈጅ በምን ትለያለች?" አሉ ኦቦ ባይሳ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ገለቴ ግን አልሳቀችም። መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

"የኔን ስማ። በሬዎቹ የሟች ባሌ ናቸው። በየዓመቱ ያባትህ ማሳ ይቅደም፣ የጠበቃ አባት ነው ብዬ አዋስኩ። የኔ በመጨረሻ ነው የሚታረሰው፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ። ካቻምና ገብሴ ገለባ የሆነው ለዚህ ነው። ልጆቼን ባቄላ እያበላሁ ጠበቃ አለን እላቸው ነበር። ጠበቃ አለን!"

ይቺን መገርሳ አያውቃትም ነበር። ድንጋዩ የከበደው ያኔ ነው። ካርዱ ሲሳሳት የሚተፋ ማሽን አለ፤ የገለቴን ገብስ የሚመልስ ማሽን ግን አልሠሩም። "ምን ላድርግልሽ?" አላት።

"የኔን ማሳ አንተ ታርሰዋለህ" አለች። "በገዛ እጅህ። ሌላ ሰው እርፉን እንዳይነካ።"

"አርሳለሁ።"

"የሐሙሱስ?" አሉ ኦቦ ባይሳ። "ሐሙስ ማን ይቁምልን?"

መገርሳ ስለ ካሳሁን ነገራቸው። ሰውየው ሥጋ ይወዳል ወይ ብለው ጠየቁ። ጨጓራውን ስለሚያመው አይበላም አላቸው። ኦቦ ባይሳ ዞር ብለው ሰዉን አዩ።

"እግዜር የላከው ነው" አሉ። ተነስተው የመገርሳን ድንጋይ አወረዱለት። "ይፍታህ። ተቀይሜሃለሁ፣ ግን ይፍታህ።"

ካሳሁን ማክሰኞ በድርቆሽ መኪና መጣ፤ ሰዉ ሁሉ ለውክልናው ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ሐሙስ ችሎት ገቡ። ዳኛው "ለተከሳሾች ማን ይቆማል?" ሲሉ መገርሳ ከኋላ ወንበር ላይ ሳያስበው ብድግ አለ፤ ይሄን ያህል ዓመት ሲፈራው የኖረ ጥያቄ ነዋ። ኦቦ ባይሳ በኮቱ ጎትተው አስቀመጡት። ካሳሁን ቆመ። መሬቱ ታርሶ ለዘር የደረሰ ነው፣ የአራሹ ድካም ሳይታሰብ ሰው ከማሳው አይነሳም ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ዘሩ ተዘርቶ እስኪታጨድ ድረስ ቀጠሩት። ማሸነፍ አይደለም፤ አንድ ክረምት ነው። ሰዉ ግን እያለቀሰ ወጣ። ለሱሉልታ ሰው አንድ ክረምት ትንሽ ነገር አይደለም።

ካሳሁንን አቀፉት። መገርሳን ሰላም አሉት፣ ደኅና አሉት፣ ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመሩለትም። የቀድሞ ጊዜ ቢሆን በመኪናው ፊት ወንበር ያስቀምጡት ነበር። አሁን ከድርቆሹ ላይ ወጣ፤ ማንም አልከለከለውም፣ ማንም ና ውረድም አላለውም።

የዓመት ፈቃዱን ጠየቀ። አለቃው ለምን ሲለው ለእርሻ አለው፤ አለቃው የኮምፒዩተር ነገር መስሎት ፈረመለት።

በገለቴ ማሳ ላይ እርፉን ያዘ። ተማሪ ቤት ከገባ ወዲህ እርፍ ይዞ አያውቅም። ትልሙ እንደ ሰከረ ሰው ሄደ፤ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ አንድ ቦታ ላይ ዞሮ ራሱን ሊያገኝ ደርሶ ነበር። መንገደኛ ቆሞ ያያል። ገለቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያለች፤ አልሰደበችውም፣ ውኃም አላመጣችለትም። መዳፉ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ። በልቡ ደስ አለው፤ ብዙ ይፈንዳ አለ።

ረፋድ ላይ ኦቦ ገርባ መጡ። ትልሙን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ተከተሉት።

"ማሽንህም እንዲህ ነው የምትሄደው?"

"ኧረ እሷ ቀጥ ብላ ነው፣ አባባ።"

"እርፉን አልነካም" አሉ ኦቦ ገርባ ወደ ገለቴ ዞረው። "ከፊት ልምራለት?"

ገለቴ አሰበች። "እርፉን አይንኩ እንጂ" አለች።

ኦቦ ገርባ ከበሬዎቹ ፊት ገብተው ቀንበሩን ያዙና መንገድ ጀመሩ። በሬዎቹ ቀጥ ብለው ተከተሏቸው፤ ትልሙም ቀጥ አለ። መገርሳ እርፉን ተጭኖ ከኋላ ይሄዳል። አባቱ ተቆጥተው እንደሆነ፣ አዝነው እንደሆነ፣ አፍረው እንደሆነ ከፊታቸው ሊያነብ ፈለገ። ከበሬዎቹ ቀንድ በላይ የሚታየው ግን ጀርባቸው ብቻ ነው። ዳር ደርሰው ሲዞሩም ፊታቸውን በሌላ በኩል ያዞራሉ።

እስከ ቀትር አረሱ።